የደብረ ታቦር ብርሃንና ሁለቱ ፎቶግራፍ ማንሻዎቻችን

ፎቶግራፍ ማንሣት ለአንዳንዱ ሰው እንጀራው ነው፤ ለእኛ ግን ከመዝገብና ከማኅተም የተረፈችውን ሰዓት በደስታ የምናሳልፍበት ነገር ነው። ወዳጆቻችን አዲስ ካሜራ መግዛታችንን በሰሙ ጊዜ የሁሉም ጥያቄ አንድ ሆነ፤ ይኸውም «በኪስዎ የእጅ ስልክ ይዘው ይህን ሁሉ ገንዘብ ለምን አወጡ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ስለዚህ በአፍ ብቻ ከመመለስ ይልቅ ሁለቱን መሣሪያ ይዘን ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጉና ደጋ ወጣንና ያየነውን ለአንባቢዎቻችን እንጽፋለን። የሄድነውም ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው በነሐሴ ለቡሄ፥ ሁለተኛው በኅዳር ለአጨዳ ወራት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ስለ ገባ መንገዱ በፈለጉት ቀን የሚወጡበት መሆኑ ቀርቶ ነበርና፥ የተጓዝነው መኪና የሚያልፍበትን ቀን እየጠየቅን ነው።

አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንናገር። ካሜራው ኒኮን ዜድ 5 የሚባለው ነው። ፋብሪካው ለገበያ ያወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ስለ ሆነ ለእኛ አዲስ ቢሆንም ለዓለም አዲስ አይደለም፤ ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ይዞልን ገባ። ሚረርለስ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ትርጓሜውም መስተዋት የለሽ ማለት ነው። በቀድሞዎቹ ካሜራዎች ውስጥ ብርሃኑን ወደ ተመልካቹ ዓይን የሚመልስ ትንሽ መስተዋት ነበረ፤ በዚህኛው ግን መስተዋቱ ቀርቶ፥ ሥዕሉ ገና ሳይነሣ እንደሚወጣ ሆኖ በትንሽ መስኮት ይታያል። ባትሪውንና ካርዱን ጨምሮ 675 ግራም ይመዝናል። ብርሃን የሚቀበለው ገጹ 36 ሚሊሜትር በ24 ሚሊሜትር ሲሆን ከ24 ሚሊዮን የሚበልጡ ነጥቦች አሉት። ይህ መጠን በዱሮው ፊልም ላይ የአንድ ሥዕል መጠን ነበረ፤ በዓለም ያስለመደችውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ለገበያ የወጣችው የጀርመኗ ላይካ ናት። ሌንሶቻችን ሁለት ናቸው። አንዱ 40 ሚሊሜትር ሆኖ ክብደቱ 170 ግራም ብቻ ስለ ሆነ መኖሩም አይታወቅ፤ ሁለተኛው 85 ሚሊሜትር ነው፥ ለሰው ፊት የተወደደ።

ካሜራ ያለበት የእጅ ስልክ ደግሞ ለሕዝብ መሸጥ የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር ወደ 2000 ግድም ነው፤ በዚያ ዓመት በጃፓን አገር የወጣው ስልክ 110 ሺህ ነጥብ ያህል ብቻ ነበረው። ዛሬ በኪሳችን ያለው 50 ሚሊዮን ነጥብ አለው ይባልለታል። በቁጥር ከሄድን ካሜራችንን ሁለት እጥፍ በለጠው ማለት ነው፤ ነገር ግን ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። የስልኩ ብርሃን መቀበያ ገጽ ከትንሽ ጣት ጥፍር አይበልጥም፤ ከካሜራው ገጽ ወደ ሃያ እጅ ያህል ያንሳል። ዝናብ ሲዘንብ ገበቴና ስኒ ጎን ለጎን በደጅ ቢቀመጡ የቱ ብዙ ውሃ እንደሚይዝ የታወቀ ነው። የስልኩ ሠሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ በብልሃት መጡበት፤ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ብዙ ሥዕል በፍጥነት ያነሣና፥ ከሁሉ መልካም መልካሙን መርጦ አንድ ያደርገዋል፤ የጎደለውንም በሒሳብ ይሞላል። ስለዚህ ስልክ ያየውን ብቻ ሳይሆን ይሆናል ብሎ ያሰበውንም ጨምሮ ይሥላል። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከባሕር ዳር እስከ ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ የፎገራን ሜዳ ያቋርጣል፤ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ወደ ጣና የሚገቡት በዚህ ሜዳ ነው። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት፤ ዛሬ ግን ሜዳው ይልቁን የሚታወቀው በደርግ ዘመን በገባው በሩዝ ነው። በኅዳር ስናልፍ ሩዙ እየታጨደ ነበርና ሜዳው ሁሉ ወርቅ መስሎ፥ ከላዩ ነጭ ሳቢሳዎች ከከብቱ እግር ሥር ይለቅሙ ነበር። በዚህ ቦታ እውነቱን እንናገር፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ በሁለቱም መሣሪያ ያነሣነውን ሜዳ ለአብሮ ተጓዦቻችን ብናሳያቸው የካሜራውን ከስልኩ የለየ ሰው አልተገኘም። ብርሃን በተረፈበት ቦታ ስኒውም ሞልቶ ይፈሳል። እንዲያውም ስልኩ ሰፊውን አገር በአንድ ጊዜ የሚያይ ሌላ ሌንስ ስላለው በፎገራ ላይ በለጠን። ለወረቀትም ቢሆን ከእርሱ የሚሻል የለም፤ አሮጌ ውሳኔና ካርታ ለመገልበጥ፥ በእኛ ሥራ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፥ ስልክ ከብዙ የጽሕፈት ድካም አሳርፎናል።

ከወረታ ወደ ምሥራቅ ቻይናውያን ወደ ወልድያ የሠሩት መንገድ ይጀምራል። ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በ40 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ ደብረ ታቦር ሲደርስ 2,700 ሜትር ይሆናል። አየሩ ይቀጥናል፥ ጆሮም ይደፈናል፥ ብርሃኑም ይለወጣል። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ይህን ወዲያው ያውቀዋል፤ በደጋ ፀሐይ ላይ ነጩ ጋቢ ከመጠን በላይ ይነጣል፥ ከባርኔጣ ጥላ በታች ያለው ፊት ደግሞ ከመጠን በላይ ይጠቁራል። ስለዚህ በዚያ አገር ለሥዕል የሚሆነው ሰዓት ከንጋት እስከ 3 ሰዓት፥ ከዚያም ከ10 ሰዓት እስከ ምሽት ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ለቡና ይሁን።

ደብረ ታቦርን የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ኋላም የራስ ዓሊ፥ ቀጥሎም የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ ሆነች፤ ዐፄ ዮሐንስም በአጠገቧ በሰመራ ተቀምጠዋል። ጋፋት ከከተማው ብዙ አይርቅም፤ እነ ዋልድማየር፥ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች፥ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ መድፍ ያቀለጡበት ቦታ ነው። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚህ ወጥቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ለመጨረሻ ጊዜ ሄዱ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ 6 ቀን በመቅደላ ሞቱ።

በጋፋት ጉብታ ላይ ቆመን ካሜራውን ስናስተካክል አንድ ነገር ወደ ልባችን መጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በሕይወታቸው ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ የታወቀ የለም። ሰዓሊዎች ከሣሏቸውም ብዙው ከወሬ ወይም ከትዝታ ነው። የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ግን በመስተዋት ላይ የሚነሣውን የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው ነበር፤ መስተዋቱ መድኃኒት ተቀብቶ ሳይደርቅ መነሣትና መታጠብ ስለ ነበረበት ጨለማ ድንኳን፥ ውሃና ሣጥን በእንስሳ ጭነው ይጓዙ ነበር። መቅደላን፥ ሰፈሩን፥ ሰዉንም አነሡ፤ ንጉሡ ግን አልቆዩአቸውም። ልጃቸው ደጃዝማች ዓለማየሁ በ1853 ዓ.ም. በዚህች በደብረ ታቦር ተወልደው ነበር። በሰባት ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱና በ1860 ዓ.ም. ሐምሌ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ አነሣቻቸው። ከዚያ ሥዕል ላይ የሚያየን ሕፃን ዓይኑ ወደ ታች ያዘነበለ፥ ፊቱም እንግዳ ቤት እንደ ዋለ ልጅ የተጨነቀ ነው። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመታቸው አርፈው በዊንዘር ተቀበሩ። እንግዲህ የደብረ ታቦር ልጅ የመጀመሪያ ፎቶግራፍ የተነሣው በባዕድ እጅ ነው፤ የቀረውም በባዕድ አገር ነው፤ እናት ከመቅደላ ሲወርዱ በመንገድ ሞተው ነበርና አላዩትም። ይህ ነገር ከዚያ በኋላ ባነሣነው ሥዕል ሁሉ አብሮን ዋለ።

ቡሄ በሌላም አገር ይከበራል፤ ነገር ግን በዓሉ ራሱ ደብረ ታቦር ተብሎ ሲጠራ በከተማይቱ መገኘት የተለየ ነው። ነሐሴ 12 ቀን ማታ ችቦ ተለኮሰ፤ ጭጋጉ ከጣሪያ በታች ወርዶ ስለ ነበረ እያንዳንዱ ችቦ በዙሪያው እንደ ሰፌድ የሰፋ ቀይ ብርሃን ነበረው። ልጆቹ ከደጅ ደጅ ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙላቸውን ይሰበስባሉ። ስልኩን አወጣንና የሌሊት ማንሻውን ብንከፍተው «ሳይንቀሳቀሱ ይቆዩ» አለን። ብርሃን ለመሰብሰብ ጥቂት ሴኮንድ ይፈልጋልና ነው። ታዲያ ሆያ ሆዬ የሚል ልጅ እንዴት ብሎ ይቆማል! ሥዕሉ ሲወጣ ግድግዳው፥ ዛፉ፥ የደጁ ድንጋይ ሁሉ እንደ ቀን በርቶ፥ ልጆቹ ብቻ ጢስ መስለው ነበር። ሌሊቱንም ሌሊት እንዳይመስል አድርጎ አነጣው። በካሜራው ግን ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍተን በሴኮንድ 125ኛ ክፋይ አነሣን፤ ከችቦው ርቆ ያለው ሁሉ ጨለማ ሆኖ ቀረ፥ የአምስት ልጆች ፊት ግን ከነጥርሳቸው ከእሳቱ ወጣ። ጨለማውን ጨለማ አድርጎ መተው ካሜራውን ካስመሰገኑት ነገሮች አንዱ ነው።

በነጋታው በጅራፍ ተፈተንን። ጅራፍ ሲጮህ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ይሄዳል፤ የምንሰማውም ጩኸት ከዚያ የተነሣ ነው። ይህ ማለት በሴኮንድ ከ340 ሜትር በላይ ነው። በሴኮንድ አንድ ሺህኛ ክፋይ ብናነሣ እንኳ ጫፉ በዚያች ቅጽበት ክንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው መንገድ ይሄዳል። አርባ ያህል ሥዕል አነሣን፥ በአንዱም ጫፉ አልተያዘም። ልጆቹ ከማንም ይልቅ በዚህ ተደሰቱ። ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን የታች ቤት አቋቋም ግን በካሜራም በስልክም ማንሣት ትተን ቆመን ሰማነው፤ ሁሉን ነገር በሌንስ ማየት መልካም አይደለም።

ከከተማው ወደ ጋሳይ ሲወጡ በስተ ቀኝ ጉና ይታያል። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ድንችና ገብስ የሚበቅልበት ዳገት ካለቀ በኋላ ጓሣና ጅባራ ይጀምራል። ጅባራ ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፥ ካበበ በኋላም ይሞታል። በንጋት ብርዱ የካሜራውን ባትሪ ኃይል ስላሳጣው ትርፉን ባትሪ በብብታችን አድርገን ከጋቢ በታች አሞቅነው፤ ወዲያው ነፍስ ዘራ። ጭጋግ በመጣ ጊዜ ካሜራው ጭጋጉን እንዳለ አነሣው፥ ጅባራዎቹም በነጭ ውስጥ እንደ ቆሙ መነኮሳት ሆኑ። ስልኩ ጭጋጉን እንደ ጥፋት ቆጥሮ ሊገፈው ሞከረ፤ ቅጠሉ ጠራ፥ ሰማዩም ሰማያዊ ሊሆን ምንም አልቀረው፥ ያየነው ጉና ግን እርሱ አልነበረም።

በጋሳይ አቅራቢያ በአንድ ገበሬ ቤት ቡና ተጋበዝን። ቤቱ መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በደጁ ብቻ ነው። የፎቶግራፍ ነገር የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ቤት ነው፤ ጥቁር ፊት፥ ጥቁር ግድግዳ፥ ነጭ ጋቢ። የቀለም ፊልም ሠሪዎች ለብዙ ዘመን ይህን አላሰቡበትም። ኮዳክ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም መለኪያ ካርድ የነጭ ሴት ሥዕል ነበር፤ በመጀመሪያዪቱም ሴት ስም ሸርሊ ይባል ነበር። የእኛ ዓይነት መልክ በዚያ መለኪያ ሲታጠብ ከዓይንና ከጥርስ በቀር የሚታይ አልነበረም። የሚያስገርመው፥ ፊልሙ ለጥቁር ቀለም እንዲሻሻል ከገፋፉት መካከል ቸኮላታቸውና የእንጨት ዕቃቸው በሥዕል አላምር ያላቸው ነጋዴዎች መኖራቸው ነው። ጎግል ስልኩን የጥቁር ሰውን መልክ በትክክል እንዲያሳይ አስተካክያለሁ ብሎ ያወጀው በ2021 ነው።

የቤቱ እመቤት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ናቸው። በግንባራቸው መስቀል፥ በአንገታቸው ዙሪያ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አለባቸው። ከደጁ አጠገብ በበርጩማ እንዲቀመጡ ለምነን በ85ቱ ሌንስ አነሣናቸው፤ ቀጥሎም በስልክ። ስልኩ ፊት ማሳመሪያ የሚባል ነገር ከፋብሪካው ተከፍቶለት የመጣ ነውና፥ የፊታቸውን መጨማደድ እንደ ጉድለት ቆጥሮ አለሰለሰው፤ ንቅሳቱንም ከዚያው ጋር አደበዘዘው። ሁለቱን ሥዕል ባሳየናቸው ጊዜ የስልኩን ትኩር ብለው አይተው «ይቺስ የሟች ታላቅ እኅቴ ልጅ ትሆናለች እንጂ እኔ አይደለሁም። ልጄ፥ ንቅሳቴን ማን ፋቀው?» አሉን። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። የካሜራውን ግን ብዙ ጊዜ ያዙት፤ ቀጥለውም ከሣጥን አንድ የተጠቀለለ ጨርቅ አወጡ።

በጨርቁ ውስጥ የባለቤታቸው ሥዕል ነበረ። ሰውየው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያ አገር ቀድሞ በለቅሶ ቀን የሟቹ ልብስ፥ ጋሻና ጠመንጃ ወጥቶ ይለቀስበት ነበር፤ አሁን በዚያ ፈንታ ትልቅ ፎቶግራፍ ይያዛል። ለሟቹ ግን በዕድሜያቸው ሙሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም በመታወቂያ ወረቀት ላይ የተለጠፈው ጣት የማታክል ጉርድ ነው። ልጆቻቸው ወደ ፎቶ ቤት ወስደው አስተለቁት። ሲያስተልቁት ማኅተሙም አብሮ አደገ፤ ከቀኝ ጉንጫቸው እስከ አንገታቸው ሐምራዊ ግማሽ ክብ አለ፥ የፊደሉም ቁራጭ ይነበባል። ዕድሜያችንን ሙሉ ማኅተም ስንመታ ኖረናልና ያን ሥዕል ስናይ ለጥቂት ጊዜ የምንናገረው ጠፋን። እሳቸውም ጨርቁን መልሰው እያጠፉ «እኔ ስሞት እንኳ ልጆቼ ማኅተም የሌለበት ፊት ይያዙ። ደግሞ ንቅሳቴ ይኑር፤ እናቴ ናት ያስነቀሰችኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ቡናው ተረስቶ ጎረቤት ሁሉ መጣ። አንዱ ሽማግሌ በርኖሳቸውን ለብሰው፥ አንዲት ሴት መንታ ልጆቿን ይዛ፥ አንድ ዲያቆን መቋሚያውን ተደግፎ፥ ሌሎችም እንዲሁ። እዚህ ላይ ስልኩ ደግሞ ክብሩን መልሶ አገኘ። ካሜራው ሥዕሉን በአየር ወደ ስልካችን ላከ፤ ስልካችንም ለእመቤቲቱ የልጅ ልጅ ስልክ በብሉቱዝ አቀበለው፤ ሁሉም ቡናው ሳይቀዘቅዝ ተፈጸመ። በአገራችን ደጋ ለማየት የመጣ እንግዳ ከመቶ ዓመት በላይ የሰውን ፊት አንሥቶ ሄዷል፤ ለባለ ፊቱ የተመለሰለት ጥቂት ነው። ይህን ማስተካከል ስልክ ያለ ማንም ሰው በደቂቃ ይችላል። ካሜራችን ብቻውን አይችልም።

ይሁን እንጂ የልጁ ስልክ መስተዋቱ የተሰነጠቀ፥ ባትሪውም በጎማ የታሰረ ነበርና፥ ሥዕሉ በዚያ ውስጥ እስከ ለቅሶ ቀን ይቆያል ብለን አላመንንም። ስለዚህ በወረቀት ለማሳተም ቃል ገባን። አንባቢዎቻችንም የቤተ ሰባቸውን ሥዕል ማሳተም ቢፈልጉ ይህን ይወቁ፤ በ20 በ30 ሴንቲሜትር ወረቀት ላይ በደንብ ለማተም 9 ሚሊዮን ነጥብ የማይሞላ ይበቃል፤ ስለዚህ ስልክም ቢሆን በቀን ብርሃን፥ ፊት ማሳመሪያው ተዘግቶ ከተነሣበት ያገለግላል። በቴሌግራም እንደ ተራ ሥዕል የተላከ ግን እንዲቀልል ተብሎ ስለሚያንስ፥ ለማተሚያ የሚሆነውን «እንደ ፋይል» መላክ ይገባል። ሽማግሌ ወላጅ ያለው ሰው ይህን ለነገ ባያቆየው እንመክራለን።

በመመለሻችን በአንድ ኬላ ላይ ካሜራውን ያየ ጠባቂ አስቆመንና ምን እንዳነሣን ጠየቀን። ስልኩን ያየው የለም፤ ትልቁ ሌንስ ሁልጊዜ ዓይን ይስባል፥ በዚህም ጊዜ ይልቁንም። ካሜራውን ከፍተን የእመቤቲቱን ሥዕል አሳየነው። ብዙ ካየ በኋላ «እናቴን ትመስላለች» ብሎ አሳለፈን።

ከጋሳይ ያመጣነው ለማተም የበቃ ሥዕል ሰባት ነው። በደብረ ታቦር አንድ ፎቶ ቤት ሁሉንም በ20 በ30 አሳተምናቸው፤ እያንዳንዱንም በካርቶን ላይ አስለጥፈን ለጋሳይ ገበያ በሚወጣ ነጋዴ እጅ ስድስቱን ለባለቤቶቻቸው ላክን፤ መድረሳቸውንም በስልክ ሰምተናል። ሰባተኛው በጭጋግ ውስጥ ያለው ጅባራ ነውና ባለቤት የለውም፤ እርሱን ከመዝገብ ማስቀመጫው በላይ ሰቅለነዋል።